ጥቁር ወንበር በባሕር ዳርቻ

ሚስቴ ነጅዋ ሰው ቤት ስትገባ ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው በሰው ላይ ሳይሆን በወንበር ላይ ነው። "እንዴት ናችሁ፣ ደህና ናችሁ?" እያለች እየሳመቻችሁ፣ ዓይኗ ከትከሻችሁ በላይ አልፎ መጋረጃውን ይለካል። ሻይ ቀርቦላት አንድ ጊዜ ፉት ሳትል የቴሌቪዥኑ ቦታ ልክ አለመሆኑን ታውቃለች። ባሏ ስለሆንኩ ላሞካሻት አይደለም። እንዲያውም ባሏ በመሆኔ ወገቤ አልቋል፤ ሶፋ የምሸከመው እኔ ነኝ፣ መሰላል የምይዘውም እኔ ነኝ። ታክሲ ከምነዳበት ሰዓት ተርፎ የእሷን ዕቃ የማልጭንበት ቀን ጥቂት ነው።

የተወለደችው ደሴ ነው። አባቷ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና የሚነዱ ሰው ነበሩ፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንዳንዴ ጋቢና ውስጥ አስቀምጠው ይዘዋት ይወርዱ ነበር። ጭነት እስኪደርሳቸው የሚያርፉበት የአንዲት ሴትዮ ቤት ነበር ትላለች። ግድግዳው በኖራ የተለሰነ ነጭ፣ አልጋውና አግዳሚ ወንበሩ ደግሞ ከአሮጌ ጀልባ እንጨት የተሠራ፣ ከዘይትና ከጨው ብዛት የጠቆረ። በሩ ሲከፈት ባሕሩ እዚያው ደጅ ነው። "ሌላ ምንም ዕቃ አልነበረም። ግን እንደዚያ ያማረ ቤት እስካሁን አላየሁም" ትላለች፤ ይህን ስትናገር ማንም እንዲከራከራት አትፈቅድም።

አትላንታ እንደመጣች ሚድታውን አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታዘጋጅ ነበር፤ አልጋ የማንጠፍ ጥበቧ ከዚያ የመጣ ነው። ቀጥሎ ብሩክሄቨን ውስጥ የቤት ዕቃ መሸጫ ገባች። ሱቁ ውስጥ አበሻ ደንበኛ ሁሉ እሷን እየጠየቀ ይመጣ ጀመር፤ ምክንያቱም እሷ ሶፋ ከመሸጧ በፊት "ቤትሽ ስንት መስኮት አለው? ማኅበር ትጠጫለሽ? እንግዳ ይበዛብሻል?" ብላ ትጠይቃለች። አንዳንዱን "ይሄ ለአንቺ ቤት አይሆንም፣ አትግዢው" ብላ ትመልሰዋለች። አለቃዋ ይሄን አልወደደላትም። እሷም አለቃዋን አልወደደችውም። ወጥታ የራሷን ሥራ ጀመረች፤ ሰው ቤት እየሄደች ቤት ታስጌጣለች።

አንድ የማትተወው አሠራር አላት። ቤቱን ጨርሳ ከመሄዷ በፊት እኔን እንግዳ ታደርገኛለች። በበሩ እወጣና አንኳኩቼ እገባለሁ፤ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ ሻይ እንደያዘ ሰው እዞራለሁ። ጉልበቴ ጠረጴዛ ከነካ ጠረጴዛው ይነሳል። "ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ" ይባል የለ? የእኔዋ ሙሽራ ግን የምታሳዝለው እኔን ነው።

ሎረንስቪል የሚኖሩት ወይዘሮ ወይንሸት የደወሉላት በጸደይ መግቢያ ነው። ድምፃቸው ገና ከሰላምታው ደክሞ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ልጃቸው ሶስና ግሩም ከሚባል ልጅ ጋር ልትጋባ ነው። የግሩም ሽማግሌዎች በመጪው ሳምንት ቅዳሜ ቤታቸው መጥተው ሊጠይቁ ቀን ተቆርጧል። ሶስና ግን "እዚህ ዋሻ ውስጥ ሰው አላመጣም፤ ሚድታውን ሆቴል ውስጥ ሩም እንከራይ" አለች። አባቷ አቶ ሽፈራው ደግሞ "ልጅ በሆቴል አትጠየቅም። ሆቴል ከሆነ እኔን አያገኙኝም" አሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አባትና ልጅ በአንድ ጣራ ሥር ሆነው አይነጋገሩም። እናትዮዋ በመካከላቸው መልእክተኛ ሆነዋል፤ "አባትሽ ጨው አቀብዪኝ ብሏል" እስከማለት ደርሰዋል።

"ቤቱ ካማረ እዚህ ይሁን ብላለች" አሉ ወይዘሮ ወይንሸት። "ካላማረ ግን እሱ አይሄድም፣ እሷም አታመጣም። ሽማግሌዎቹ ለማን እንደሚያወሩ አላውቅም።"

"ያምራል" አለች ነጅዋ። ቤቱን ገና አላየችውም።

ስንገባ ሶስናም ሙሉ በሙሉ እንዳልተሳሳተች ገባኝ። ሳሎኑ ትልቅ ነው፣ ግን ብርሃን የገባበት አይመስልም። የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ከፋይ መጋረጃ ከጣራ እስከ ወለል ወርዷል። ግድግዳው ቡናማ፣ ምንጣፉ ቡናማ። ዕቃው በሙሉ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ላስቲካቸው ያልተነሳ ሁለት የቆዳ ሶፋዎች፣ ብርጭቆ የታጨቀበት ቡፌ፣ አራት ሰው የማያነሳው ጠረጴዛ። ከሁሉም በላይ የአቶ ሽፈራው ወንበር አለ፤ ክንዱ ላይ የወይን ሐረግ የተቀረጸበት፣ መደገፊያው ከሰው ራስ በላይ የሚወጣ። አቶ ሽፈራው እዚያ ላይ ተቀምጠው ነበር። አልተነሱም።

ሶስና ስልኳን ይዛ ወደ ነጅዋ ተጠጋች። "ሉክ፣ እኔ የምፈልገው ኮስታል ነው፤ የባሕር ዳር ቤት ዓይነት። ነጭ ሶፋ፣ ላይት ዉድ፣ ምናምን። ይሄን ሁሉ ለሚፈልግ ዶኔት እናድርገው።" ስልኩ ላይ ያለው ቤት ነጭ በነጭ ነው፤ ግድግዳው ላይ ሁለት መቅዘፊያ ተሰቅሎ፣ ከሥሩ "ወደ ባሕሩ" የሚል ቀስት ያለው ሰሌዳ።

"የምን ባሕር ነው እዚህ ሎረንስቪል?" አሉ አቶ ሽፈራው፣ ለልጃቸው ሳይሆን ለጣራው። "ባሕር ዳርን እኔ አውቃታለሁ። እዚያም ቢሆን ነጭ ሶፋ አላየሁም።"

ነጅዋ የአሰብን ቤት ያወራችላቸው ያን ጊዜ ነው። ኖራውን፣ የጠቆረውን አግዳሚ፣ በሩ ላይ ያለውን ባሕር። ከዚያ ወደ ሶስና ዞረች። "ነጭ ሶፋ ባሕር አያመጣም። ይሄን ቤት ያጨለመው ወንበሩ አይደለም፤ ጥቁር በጥቁር ላይ መደረቡ ነው። ጥቁር ዓይን የሚያምረው ዙሪያው ነጭ ስለሆነ አይደል?"

ሶስና ትከሻዋን ነቀነቀች። "አይ ዶንት ኖው።"

"እኔ አውቃለሁ" አለች ነጅዋ።

ከዚያ ወደ አቶ ሽፈራው ሄዳ አጠገባቸው በርከክ አለች። "ጋሽ ሽፈራው፣ ከዚህ ዕቃ አንድ እግር እንኳ ከቤትዎ አይወጣም። ቃሌ ነው። ግን እንድነካው ይፍቀዱልኝ።"

እሳቸውም የወንበሩን ክንድ መታ መታ አደረጉ። "አንቺ ልጅ፣ እኔ ሁለት ጊዜ ቤት ጥዬ በእግሬ ወጥቻለሁ። አንዴ ከአገሬ፣ አንዴ ደግሞ ሱዳን ሠርቼው ከነበረው። ሁለቱንም ጊዜ የያዝኩት ፌስታል ነው። ይሄን ቤት ስገዛ ሱቁ ውስጥ ገብቼ 'ከሁሉ ከባዱ የትኛው ነው?' ብዬ ነው የጠየቅሁት። ከቦታው እንዳይነቃነቅ። እሷ ዋሻ የምትለው ይሄንን ነው።"

ሶስና ይሄን ስትሰማ ቆማ ነበር። ቀድሞ ሰምታው እንደሆነ አላውቅም። ወደ ፎቅ ወጣች።

በማግስቱ ሥራ ጀመርን። መጀመሪያ ከፋዩን አወረድነው። ወይዘሮ ወይንሸት መስኮታቸው ወደ ጓሮው ጥድ የሚያሳይ መሆኑን እንደ አዲስ አዩት። ግድግዳው አሸዋ ነካ ያደረገው ነጭ ተቀባ፤ ነጅዋ ጭልጥ ያለ ነጭ አትወድም፣ "እሱ ክሊኒክ ነው" ትላለች። ስስ ነጭ መጋረጃ ሰቀልን። ቡናማው ምንጣፍ ተነስቶ ሰፊ የቃጫ ምንጣፍ ተዘረጋ፤ በላዩ ደግሞ የጠዋት ሰማይ የመሰለ ስስ ሰማያዊ ስጋጃ። ከቡፌው ውስጥ ብርጭቆው ሁሉ ወጥቶ፣ አረንጓዴና ውኃ ሰማያዊ የሆነው ብቻ ተመለሰ። እንጨቱን እሷ ራሷ በዘይት ወለወለችው፤ የተቀረጸው የወይን ሐረግ ቅጠሉ ሳይቀር ተለይቶ ታየ። መቅዘፊያና ሰሌዳ የሚባል ነገር አልገባም። "ቤቱ ባሕር መሆኑን በጽሑፍ የሚያሳውቅ ሰው ባሕር አላየም" አለች።

የሶፋው ላስቲክ ሲነሳ አቶ ሽፈራው መጥተው ቆሙ። እጃቸውን ቆዳው ላይ አሳረፉ፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ፣ ትንሽ ተንቀሳቀሱ። "ለካ ለስላሳ ነው" አሉ። ሶፋውን ሲገዙ ሶስና ገና ጥርሷ የሚወልቅ ልጅ ነበረች።

ሐሙስ ዕለት ነጅዋ የመጨረሻውን አቀማመጥ ሠራች። ሁለቱን ሶፋ ከግድግዳ አላቃ መሃል ላይ ፊት ለፊት አደረገቻቸው፤ ጠረጴዛው በመካከላቸው፣ የአቶ ሽፈራው ወንበር ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ። ሱቅ ውስጥ የተማረችው እንደዚህ ነው፤ ዕቃ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም፣ ክፍሉ መሃል ላይ ይንሳፈፋል። እውነት ለመናገር አምሮ ነበር።

ሶስና ከሥራ መጥታ በሩ ላይ ስታይ ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ። "ኦ ማይ ጋድ። ነጅዋ። ይሄ የእኛ ቤት ነው?" ፎቶ አነሳች፣ ለጓደኞቿ ላከች፣ ነጅዋን አቅፋ ሳመቻት። "ኦኬ። እዚህ ይምጡ" አለች። ይህን ግን ለአባቷ አልነገረችም፤ ወደ ኩሽና ሄዳ ለእናቷ ነው የነገረችው።

ነጅዋ እንደዚያ ስትመሰገን አይቻት አላውቅም። ደስታዋ እኔንም ደስ አሰኘኝ። በዚያ ደስታ መሃል እኔን እንግዳ ማድረጉን ረሳችው፤ እኔም ወገቤን ስላመመኝ አላስታወስኳትም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አበባ ይዘን ተመለስን። ሽማግሌዎቹ ከሰዓት ነው የሚመጡት። አቶ ሽፈራው ፎቅ ላይ ሙሉ ልብሳቸውን እየለበሱ ነበር። ነጅዋ አበባውን አስቀምጣ ዞር ዞር አለችና፣ "ውይ፣ አንተን አላስገባሁህም" አለች። "ውጣና ሽማግሌ ሁነህ ግባ። እኔ ጋሽ ሽፈራውን ልሁን።"

ወጣሁ። አንኳኳሁ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ እጄን ወደፊት አጣምሬ፣ እንደ ቁም ነገረኛ ሰው ገባሁ። እሷ በትልቁ ወንበር ተቀምጣለች። "ደጅ ጠንተን፣ ከቤትዎ ደርሰን . . ." ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ።

"ምን ሆንክ? ቀጥል።"

"ለማን ልቀጥል? የሚታየኝ የወንበሩ ጀርባ ነው።"

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ተነስታ እኔ ወደ ቆምኩበት መጣች፤ አየች። ሽማግሌ ቤት ሲገባ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ "አረፍ በሉ" ቢባልም ነገሩ ሳይሰማለት ቆሞ፣ አባትየውን ፊት ለፊት እያየ ነው የሚለምነው። በዚህ አቀማመጥ ግን ሽማግሌዎቹ ከሶፋ ጀርባ ተደርድረው ለአቶ ሽፈራው ወንበር መደገፊያ ሊናገሩ ነው። ፊታቸውን እናይ ካሉ በጠረጴዛና በሶፋ መሃል ተሽሎክሉከው መግባት አለባቸው፤ ከገቡ ደግሞ የሚቆሙበት የለም። ልጅ ሊጠይቅ የመጣን ሰው በጀርባ የሚቀበል አባት ደግሞ፣ ወሎም ይሁን ጎንደር፣ አልሰጥም ማለቱ ነው።

"የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው" አለች ነጅዋ። "ስንት ሽማግሌ ሲገባና ሲወጣ እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። ቤቱን በሱቅ ዓይን አየሁት።" ግን ጭንቅላቷን ይዛ አልተቀመጠችም። እሷ እንደዚያ አይነት ሰው አይደለችም። ሻርፗን ወገቧ ላይ አሰረች። "ያዝ በዚያ በኩል።"

ሶፋውን እንዳነሳን ሶስና ከፎቅ ወረደች፤ ጸጉሯ ተሠርቷል፣ ጥፍሯ ተቀብቷል። "ኖ ኖ ኖ። ፕሊስ። ምንም ሙቭ እንዳታደርጉ። ፐርፌክት ነው።"

"ለፎቶ ፐርፌክት ነው" አለች ነጅዋ። "ዛሬ የሚመጣው ግን ሽማግሌ ነው። ነይ እስቲ፣ በሩ ላይ ቁሚ።"

ሶስና እየተነጫነጨች ሄዳ ቆመች።

"አሁን አንቺ የግሩም ሽማግሌ ነሽ። አባትሽ እዚያ ወንበር ላይ ናቸው። ፊታቸው ይታይሻል?"

ሶስና ወንበሩን አየች። የሚታየው ትልቅ ጥቁር መደገፊያ ብቻ ነው። ረጅም ጊዜ አየችው። ሰሞኑን ሁሉ አባቷን ያየችው እንደዚያ፣ በጀርባ በኩል ስታልፍ ሳይሆን አይቀርም።

"አይታየኝም" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ መጥታ በተቀባ ጥፍሯ የሶፋውን ጫፍ ያዘች። ከእኔ ይልቅ ጉልበት ነበራት።

ሶፋዎቹን ግራና ቀኝ ግድግዳ ሥር አደረግናቸው። ቡፌው በአንድ ወገን፣ ጠረጴዛው በስንት ግፊያ ጥግ ላይ። የአቶ ሽፈራው ወንበር በሩን ትይዩ ሆኖ በነጩ መጋረጃ ፊት ቆመ። ጨርሰን በሩ ላይ ቆመን አየነው። ሐሙስ ዕለት ከነበረው አሁን ይበልጥ አምሯል። ጥቁሩ እንጨት በነጩ ግድግዳ ላይ ጥርት ብሎ ወጣ፤ መሃሉ ባዶ ሆነ፤ ያ ሰማያዊ ስጋጃ በአሸዋማው ቃጫ ላይ ብቻውን ተንጣሎ ታየ።

"ቀድሞም እንደዚህ ነበር መሆን ያለበት" አለች ነጅዋ። "ባሕር መሃል ላይ ሶፋ አይቀመጥም። ባሕሩ መሃል ነው፣ ሰው ዳር ላይ ይቀመጣል።"

አቶ ሽፈራው ያን ጊዜ ወረዱ። አንድ በአንድ አዩት፤ የተንቀሳቀሰውን ወንበራቸውን፣ የልጃቸውን ቀለሙ የተላጠ ጥፍር። ወደ ወንበራቸው ሄደው ተቀመጡ። ከዚያ ሆነው በሩን አዩ። ከረባታቸውን አስተካከሉ።

እኛ ልንወጣ ዕቃችንን ስንሰበስብ ደወል ተደወለ። በአትላንታ ታሪክ በሰዓቱ የመጣ አበሻ ሽማግሌ ሰምቼ አላውቅም፤ እነዚህ ቀድመው መጡ። ሶስና ወደ ፎቅ ሮጠች። እኔና ነጅዋ መሰላላችንን ይዘን ኩሽና ውስጥ ገባን፤ መውጫ ተዘጋብን። በሩን ገርበብ አድርገን ማየት ብቻ ሆነ ሥራችን።

ሦስት ናቸው። ዋናው አቶ አምባዬ የሚባሉ፣ ጋቢ የደረቡ ረጅም ሰው። ሰማያዊው ስጋጃ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ጫማቸውን አዩ።

"ይለፉ፣ ይለፉ" አሉ አቶ ሽፈራው ተነስተው። "አረፍ በሉ።"

"ነገራችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ አቶ አምባዬ። መሃል ላይ ተደርድረው ቆሙ። "አቶ ሽፈራው፣ ከደጅዎ የመጣነው ልጅ ልንለምን ነው። ልጃችን ግሩም የእርስዎን ልጅ ሶስናን ወዷል። ልጅ ይሁንዎት፣ ልጅዎን ይስጡን።"

አቶ ሽፈራው ተመልሰው ተቀመጡ። እጃቸው የወይን ሐረጉን ይዳብሳል። ደንቡ ለአባት መውጫ ይሰጠዋል፤ "ከዘመድ ልማከር፣ በሌላ ቀን ተመለሱ" ማለት ይችላል። ሰው ሲከፋው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ወይዘሮ ወይንሸት ሶፋው ጫፍ ላይ ሆነው ነጠላቸውን ሲጨብጡ አየሁ። ነጅዋ ክንዴን እስኪያመኝ ይዛ ነበር።

"ልጄን ሳልጠይቅ አልመልስም" አሉ አቶ ሽፈራው። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ወደ ፎቁ፣ "ሶስና!" ብለው ተጣሩ።

ከዚያ ጠብ ወዲህ ስሟን ሲጠሩ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ወረደች። በሽማግሌዎቹ መሃል፣ በሰማያዊው ስጋጃ ላይ አቋርጣ አባቷ ዘንድ ደረሰች። አቶ ሽፈራው ቀና ብለው አዩዋት። "እነዚህ ሰዎች ለግሩም ጠይቀውሻል። ምን ልበላቸው?"

"እሺ በላቸው፣ ዳድ።" ይህን ብላ መሄድ ትችል ነበር። አልሄደችም። የወንበሩ ሰፊ ክንድ ላይ ቁጭ አለች፤ እጇ ከአባቷ እጅ አጠገብ አረፈ። "እና ደግሞ . . . ይሄን ወንበር እኔ ልውሰደው? ለቤታችን።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ አምባዬ ፈገግ አሉ። "ወንበሩንም ጨምረን እንለምን እንዴ?"

አቶ ሽፈራው መነጽራቸውን አወለቁ፣ በከረባታቸው ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

"ልጄን ሰጥቻለሁ" አሉ። "ወንበሩን ግን አልሰጥም። እሱ ከዚህ አይነቃነቅም፤ ስትመጣ የምትቀመጥበት ያስፈልጋታል።" ከዚያ እጃቸውን ወደ ሶፋዎቹ ዘረጉ። "በሉ አሁን ተቀመጡ።"

ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን ተቀመጡ፣ ጥቁሩ ቆዳ ላይ፣ ነጩን ግድግዳ ተደግፈው። ወይዘሮ ወይንሸት እልል አሉ። ነጅዋ ኩሽና ውስጥ እንባዋን በሻርፗ ጠረገች፣ ከዚያ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

"አየህ?" አለችኝ። "ሁሉም ይተያያል።"